በሩ ብቻ የቀረ ከተማ

ፖላንድ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ዋርሶ ነው፤ ትንሽ ያነበበ ደግሞ ክራኮቭን ይጨምርበታል። ሉብሊንን በስም የሚያውቃት ግን ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዋርሶ በስተደቡብ ምሥራቅ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል የምታስኬድ፣ ወደ ዩክሬን ድንበር ጠጋ ያለች፣ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ነች። ጎብኚ ሁሉ ወደ ክራኮቭ ስለሚጎርፍ እሷን የሚያስታውሳት ጥቂት ነው። እኔ ግን አንድ ቀን ሙሉ በአሮጌ ሰፈሯ ስዞር ውዬ የተመለስኩት፣ ካየሁት ይልቅ ያላየሁትን እያሰብኩ ነበር። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያ ቀን ነው። አንባቢን ላለማደናገር አስቀድሜ ልንገር፤ ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠቅስ “ዓ.ም.” እያልኩ እለየዋለሁ።

ወደ ፖላንድ የወሰደኝ ለጋዜጠኞች የተዘጋጀ የአሥር ቀን ሥልጠና ነበር። ከአሥሩ ቀናት አንዱ የዕረፍት ሆነና አብረውኝ የሄዱት ገበያ ሲወጡ እኔ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ብቻውን የሚዞርም የሚያስቸኩለው የለም። ደስ ያለኝ ቦታ ላይ እቆማለሁ፣ የሰለቸኝን ትቼ አልፋለሁ፣ ሲርበኝ እበላለሁ። ደግሞም ብቻውን የሚሄድ ሰው የሚያወራው ስለሌለው ዓይኑን ይከፍታል። ጊዜው አገር ቤት የመስቀል ሰሞን ነበር። ሉብሊን ላይ አደይ አበባ የለም እንጂ፣ ዛፎቹ ራሳቸው ቢጫ ለብሰው ጠበቁኝ።

ወደ አሮጌው ከተማ የሚገባው “የክራኮቭ በር” በሚባለው የጡብ ግንብ ሥር ነው። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን የቀረ ነው፤ ታታሮች ከተማዋን ከወረሩ በኋላ ዙሪያዋ በግንብ ሲታጠር የተሠራ። ከበሩ ወዲህ ባንኩ፣ ካፌው፣ የልብስ መደብሩ አለ፤ በላያቸው የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየተከተሉ የሚሄዱ አውቶቡሶችም በከተማዋ አሉ። ከበሩ ወዲያ ግን መንገዱ ይጠብባል፣ ድንጋይ ንጣፍ ይጀምራል፣ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይቆማሉ። አንዳንዱ ታድሶ ሮዝና ቢጫ ተቀብቷል፤ አንዳንዱ ልስኑ ተገሽልጦ ጡቡ ይታያል። ለነገሩ የወደድኩት እሱን ነው። ሁሉም ነገር አዲስ ቀለም የተቀባበት አሮጌ ከተማ ለሠርግ የተኳሉ አሮጊት ይመስለኛል።

በአደባባዩ መካከል አንድ ትልቅ ነጭ ሕንፃ አለ፤ ከ1578 ጀምሮ የፖላንድ ዘውድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተቀመጠበት ቦታ ነው። ስለዚህ ችሎት የሚነገር አንድ አፈ ታሪክ አለ። በ1637 ነው ይባላል፤ አንዲት ባልቴት ከአንድ ባለጸጋ ጌታ ጋር ተሟግታ፣ ዳኞቹ ጉቦ በልተው ኖሮ ፈረዱባት። ሴትዮዋ “ሰይጣኖች ቢፈርዱልኝ ከዚህ የተሻለ ይፈርዱልኝ ነበር” ብላ ጮኸች። የዚያኑ ዕለት ሌሊት ካባ የለበሱ፣ ከፀጉራቸው ሥር ቀንድ ብቅ ያለባቸው ዳኞች መጥተው ችሎት ተቀመጡ፤ ለባልቴቷም ፈረዱላት። በመስቀሉ ላይ ያለው የክርስቶስ ምስል ሰይጣን ከሰው የተሻለ ሲፈርድ ማየት አሳፍሮት ፊቱን አዞረ ይላሉ። ፍርዱን ያጸደቁት በፊርማ ሳይሆን በመዳፍ ነው፤ የተቃጠለ የእጅ ምልክት ያለበት ጠረጴዛ ዛሬም በከተማዋ ሙዚየም ይታያል። “በሕግ አምላክ!” ሲባል ጋሪ የሚቆምበት አገር ልጅ ነኝና ይህን ተረት ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የዚያች ባልቴት ጩኸት የዛሬ ጩኸት ነው።

ከአደባባዩ ትንሽ ዞር ብሎ የዶሚኒካን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ የገባሁት ለጸሎት ሳይሆን ለአንድ ነገር ስል ነበር። ይህ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት የመስቀሉን ግማድ ይዞ ኖሯል። ከኪየቭ የመጣ ነው ይባላል፤ በአውሮፓ ከሚገኙት ትላልቆቹ አንዱ ነበር። በ1719 ከተማዋ ስትቃጠል ግማዱን ይዘው ዑደት ወጥተው እሳቱ እንደቆመ ያምናሉ፤ ያንን እሳት የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተሰቅሏል። ግማዱ ግን የለም። በየካቲት 1991 አንድ ሌሊት ሌቦች ገብተው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም። ግማደ መስቀሉ ግሸን ማርያም አለ ብሎ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ተራራ ከሚወጣ ሕዝብ መካከል የመጣሁ ስለሆንኩ፣ በመስቀል ሰሞን እዚያ ቆሜ ነገሩን ሳስበው ልቤ ተነካ። አንዲት ቆብ ያደረጉ እናት ከጸሎት ቤቱ ፊት ተንበርክከው ነበር። የተሰረቀ ነገር ባዶ ቦታ ፊትም ይጸለያል ማለት ነው።

ከዚያ ወጥቼ ግሮትስካ በምትባለው መንገድ ቁልቁል ስወርድ ቤቶቹ በድንገት ክፍት ቦታ ሰጡኝ። አደባባይ ነው እንዳልል ገበያ የለበት፤ ሜዳ ነው እንዳልል መሬቱ ላይ የድንጋይ መስመር ተሠርቷል። መስመሩን ተከትዬ ስሄድ ግድግዳ፣ ማዕዘን፣ መቅደስ ሆኖ ታየኝ። እዚህ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አርጅቷል ተብሎ ፈረሰ። የከተማዋ ሰዎች ግን ቦታውን ለሕንፃ አልሰጡትም፤ መሠረቱን ቆፍረው አወጡና ልክ እንደነበረ በድንጋይ አሰመሩት። ልጆች በቅኔ ማኅሌቱ ላይ ይሯሯጣሉ፤ ወጣቶች መቅደሱ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። የፈረሰውን መልሶ ከመሥራትና ጨርሶ ከመርሳት መካከል ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ “እዚህ ነበረ” ብሎ ማስመር።

በዚያው መንገድ ላይ ካለች ትንሽ ቤት ምሳዬን በላሁ። ፀቡላሽ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ የእጅ መዳፍ ተዘርግቶ የሚያህል ጠፍጣፋ ዳቦ ነው፤ ላዩ ላይ የተከተፈ ሽንኩርትና ኑግ የመሰለ ጥቁር ጥቃቅን ዘር ተነስንሶበት ይጋገራል። ከ2014 ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ የሉብሊን ምግብ ሆኗል። መጀመሪያ ይጋግሩት የነበሩት ግን የከተማዋ አይሁድ ዳቦ ጋጋሪዎች ናቸው። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና “ኢትዮጵያ” ስላቸው መጀመሪያ “አበበ ቢቂላ” አሉ፣ ቀጥለው የሪሻርድ ካፑሽቺንስኪን መጽሐፍ ጠሩልኝ። ካፑሽቺንስኪ በ1978 ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያሳተመው መጽሐፍ ፖላንድ ውስጥ ያላነበበው የለም ለማለት ይቻላል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንብቦ ያልተከራከረበት ጥቂት ነው። ሽማግሌውን ላስቀይማቸው አልፈለግሁም፤ “አውቀዋለሁ” ብዬ ዝም አልኩ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ከዳቦው ጋር ይዤ ወጣሁ፤ የአንዱን ሕዝብ ታሪክ ሌላው ሲነግርለት እንዴት አድርጎ ቢነግርለት ነው የሚያምርበት?

ግሮትስካ መንገድ መጨረሻው ላይ ሌላ በር አለ። የግሮትስካ በር ይባላል፤ ሁለተኛ ስሙ “የአይሁድ በር” ነው። ከበሩ ወዲህ የክርስቲያኖች ከተማ፣ ከበሩ ወዲያ የአይሁድ ከተማ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ሉብሊን ውስጥ 43 ሺህ ያህል አይሁዶች ይኖሩ ነበር፤ ከከተማዋ ሕዝብ ሲሦው ማለት ነው። ትልቁ ምኩራባቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነበር። ማተሚያ ቤት ነበራቸው፤ በ1930 የተከፈተ ዝነኛ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ በ1815 ያረፉት “የሉብሊን ባለ ራእይ” የሚባሉት ረቢ መቃብር ዛሬም ሰው ይጎበኘዋል።

በሩን አልፌ ወጣሁ። ከፊቴ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ጉብ ብሏል፤ ወደ እሱ የሚወስድ ከፍ ያለ መንገድ አለ። ከሥሩ ሰፊ አደባባይ፣ ዙሪያውን ደግሞ በግማሽ ክብ የቆሙ፣ ቅስትና ጉልላት ያላቸው ያማሩ ቤቶች አሉ። ፎቶግራፍ የሚያነሳው ሰው ብዛት! መመሪያ መጽሐፌ ግን የሚለው ሌላ ነው፤ እነዚህ አሮጌ የሚመስሉ ቤቶች በ1954 የተሠሩ ናቸው። አደባባዩም ጥንት አደባባይ አልነበረም። ቤት በቤት ላይ የተደራረበበት፣ ልብስ ሰፊው፣ ሥጋ ሻጩ፣ መጽሐፍ ጠራዡ የኖረበት የአይሁድ ሰፈር ነበር። ናዚዎች በመጋቢት 1941 ሰፈሩን ጌቶ አደረጉት። ከመጋቢት 16 ቀን 1942 ሌሊት ጀምሮ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከሃያ አምስት ሺህ በላይ ሰው በባቡር እየጫኑ ቤውዤትስ ወደተባለው የመግደያ ካምፕ ወሰዱ። ከዚያ ቤቶቹን አፈረሱ፤ ምኩራቡንም አፈረሱ። ምኩራቡ በነበረበት በኩል ዛሬ ሰፊ የመኪና መንገድ ያልፋል። ከመንገዱ ዳር ቆሜ የሚከንፉትን መኪኖች ለጥቂት ጊዜ አየሁ። የመኪና መንገድ እንደሌላው መንገድ ነው፤ ምንም የሚያሳይ ነገር የለበትም።

ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው የቅድስት ሥላሴ ጸሎት ቤት በተወሰነ ሰዓት ብቻ ስለሚያስገባ ቶሎ ብዬ ወጣሁ። አንባቢ ሆይ፣ ወደ ሉብሊን የሚወስድ ዕድል ከገጠመህ ሌላውን ሁሉ ብትተው ይህንን አትተው። ሕንፃው የምዕራባውያን ነው፤ ከመካከሉ አንድ ዓምድ ተነስቶ ጣሪያውን እንደ ዘንባባ ተሸክሞታል። ሥዕሉ ግን ከላይ እስከ ታች የምሥራቃውያን ነው። ዓይናቸው የጎላ ቅዱሳን፣ ክንፋቸውን የዘረጉ መላእክት፣ መጨረሻው እራት፣ ስቅለቱ፤ ወርቃማ ቢጫና ሰማያዊ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው ቀና ሲል አንገቱ ራሱ ያስታውሰዋል። ያሠራው ንጉሥ ቭዋዲስዋቭ ያጌዎ ነው፤ ከሊቱዌንያ መጥቶ በ1386 ተጠምቆ የፖላንድን ዘውድ የጫነ፣ እናቱ ግን ኦርቶዶክስ የነበረች። አንድሬይ የሚባል ሠዓሊ ከረዳቶቹ ጋር በ1418 ጨረሰው። በዚያ ዓመት በእኛ ዙፋን ላይ አፄ ይስሐቅ ነበሩ። ሁለቱ ነገሥታት ስለ እርስ በርሳቸው ሰምተው እንደሆነ አላውቅም፤ ሠዓሊዎቻቸው ግን ቢገናኙ ኖሮ በቀለም ይግባቡ ነበር።

ይህን ሥዕል ልዩ የሚያደርገው ግን ውበቱ ብቻ አይደለም። በ1820ዎቹ ቤተ መንግሥቱ እስር ቤት ተደረገ፤ ሥዕሉም በኖራ ተለሰነ። እስረኞች ለጸሎት እየገቡ ነጭ ግድግዳ ያዩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው ከልስኑ ሥር ቀለም የታየው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ፣ በየመካከሉ ሁለት የዓለም ጦርነት እያቋረጠው፣ ፈልቅቀው አወጡት፤ ሥራው ያለቀው በ1997 ነው። እስር ቤቱ ደግሞ በናዚዎች ዘመን ገንኖ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1944 ከተማዋን ለቀው ሲሸሹ ሦስት መቶ ያህል እስረኞች እዚያው ረሽነዋል። ከጦርነቱ በኋላም አዲሱ መንግሥት ተቃዋሚዎቹን እስከ 1954 አስሮበታል። ቤተ መንግሥት እስር ቤት ሲሆን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብርቅ አይደለም፤ በደርግ ጊዜ ሚኒስትሮችና መኳንንት በምኒልክ ግቢ ምድር ቤት ታጉረው እንደነበር ታላላቆቻችን ነግረውናል። የገረመኝ ሌላው ነው። አንድ ግድግዳ መቶ ዓመት ተሸፍኖ ኖሮ ሥዕሉ ከሥሩ ይጠብቃል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግሮትስካ በር ተመለስኩ። በሩ ዝም ብሎ ማለፊያ አይደለም፤ ግራና ቀኙ ላይ ክፍሎች አሉት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሕንፃው ሊወድቅ ተቃርቦ ሳለ፣ ጥቂት የቲያትር ሰዎች ቲያትር ሊሠሩበት ገቡበት። አይሁድ አልነበሩም። ከበሩ ወዲያ ያለው ባዶ ሜዳ ምን እንደነበረም አያውቁም ነበር፤ ማንም አልነገራቸውምና። ሲያውቁ ግን ሥራቸው ተለወጠ። በሩ ስሙ የቲያትር ቤት ሆኖ ቀረና ውስጡ የማስታወሻ ቤት ሆነ። ወደ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የጥንቷ ሉብሊን ሞዴል ነው፤ ቤት በቤት፣ መንገድ በመንገድ። ጠዋት የረገጥኩት ሣር የት የት እንደነበር በጣቴ ፈለግሁት።

ከዚያ መደርደሪያዎቹ መጡ። ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ክፍል አልፎ ክፍል፣ ግራጫ ማኅደሮች ተደርድረዋል። አንድ አንድ ማኅደር ለአንድ አንድ ሰው። አርባ ሦስት ሺህ። አንዱ ውስጥ ስም፣ ሥራ፣ አድራሻ፣ ፎቶግራፍ አለ፤ አንዱ ውስጥ ስም ብቻ። ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። ባዶውንም ግን አልጣሉትም፤ ሰውየው ስለነበረ ማኅደሩ መኖር አለበት። ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት የኖርን ሰዎች “ፋይልህ ጠፍቷል” መባልን እናውቃለን፤ ሰው እያለ ፋይሉ ይጠፋል። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ሰዎቹ ጠፍተው ፋይላቸው እየጠበቀ ነው።

ከማኅደሮቹ መካከል የአንድ ሕፃን አለ፤ ሄኒዮ ዢቶሚርስኪ ይባላል። በ1933 ነው የተወለደው። አባቱ በየጊዜው ፎቶግራፍ እያነሳ አሳድጎታል። የመጨረሻው ፎቶግራፍ የተነሳው ሐምሌ 5 ቀን 1939 ነው፤ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በዋናው መንገድ ካለ ባንክ በር ላይ፣ ቁምጣ ለብሶ፣ እየሳቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ገባ። ሄኒዮ በዘጠኝ ዓመቱ ማይዳኔክ ውስጥ ተገደለ። ማይዳኔክ ከአሮጌው ከተማ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው፤ ኅዳር 3 ቀን 1943፣ በአንድ ቀን ብቻ 18 ሺህ አይሁዶች የተረሸኑበት ካምፕ ነው። ለዚያ ሌላ ቀን ያስፈልጋል፤ ከጉብኝት ጋር የሚደረብ ነገር አይደለም። ስለ ሄኒዮ ልጨርስ። በየዓመቱ ሚያዝያ 19 ቀን የከተማዋ ተማሪዎች ደብዳቤ ይጽፉለታል። ፖስታው ላይ “ኮቫልስካ መንገድ፣ ቁጥር 11” ብለው ያስቀምጡና ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከቱታል። ፖስታ ቤቱም “ተቀባዩ አይታወቅም” የሚል ምልክት አትሞ ይመልስላቸዋል። ተማሪው የተመለሰለትን ፖስታ ሲይዝ የሚሰማውን በትምህርት ቤት መጽሐፍ ማስተማር የሚቻል አይመስለኝም።

ከሽማግሌው ዳቦ ቤት ይዤ የወጣሁት ጥያቄ መልሱን እዚህ ያገኘ መሰለኝ። እነዚህ ሰዎች የሌላውን ሕዝብ ታሪክ ይነግራሉ፤ ግን አያስጌጡትም፣ በሌሉት አፍ አይናገሩም። አድራሻ ይሰበስባሉ፤ የቤት ቁጥር፣ የሱቅ ስም፣ የዳቦ ዓይነት። ያላገኙትን ባዶ ይተዉታል። እኔ በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ባዶ ቦታ መጥፎ እንደሆነ ነው የተማርኩት፤ ዓምዱ መሙላት አለበት። ለካ አንዳንድ ባዶ ቦታ ሲሞላ ውሸት ይሆናል።

አንድ ባዶ ማኅደር ከፍተው አሳዩኝ። ይኸው ነው፤ የታጠፈ ካርቶን፣ ውስጡ ምንም። እሱን ሳይ የታየኝ አጎቴ ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በ1970 ዓ.ም. ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም፤ ተማሪ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። የዚያን ሰሞን አሰሳ ቤት ለቤት ነበርና አያቴ ፎቶግራፎቹን ሁሉ፣ ደብተሮቹንም ጭምር፣ ምድጃ ውስጥ ጨምረው አቃጠሉ። ሌሎቹን ልጆቻቸውን ለማትረፍ ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? በዚያ ዘመን ብዙ እናቶች እንደዚያ አድርገዋል። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስሙ አይነሳም ነበር። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ሲከፈት እናቴን ይዤ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አየች፤ ጓደኞቹን ሁለት ሦስቱን አወቀቻቸው። የእሱ ፊት የለም። ከየት ይመጣል? ፎቶግራፉ ተቃጥሏል። ያን ዕለት ስንወጣ እናቴ ያለችኝ “እንሂድ፣ ፀሐዩ በረታ” ብቻ ነው።

ሉብሊን ላይ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ፎቶግራፍ የሌለው ሰው ማኅደር ሊኖረው ይችላል። ፊቱ ባይገኝ የቤቱ ቁጥር ይገኛል። እሱም ባይገኝ ካርቶኑ ይታጠፍና ስሙ ይጻፍበታል። የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ሙዚየምም አይደለም። የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ብእርና ወረቀት ይዞ መቀመጥ ነው። እኛ ደግሞ ጊዜ የለንም። በ1970 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሆነው ሰው ዛሬ ወደ ሰባው ተጠግቷል። እያንዳንዱ የቀብር ሥርዓት ላይ አንድ መደርደሪያ አብሮ ይቀበራል።

ከበሩ ስወጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከግንቡ ሥር ፖድቫሌ በምትባለው መንገድ አንድ የመንገድ መብራት አለ፤ ቁመቱ የተለመደ፣ አሮጌ ነገር። ከ2004 ጀምሮ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም፤ ለዚያ ለጠፋው ሰፈር መታሰቢያ ነው። በቀን ብርሃን መብራቱ ብዙም አይታይም፤ ቀርቦ ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንዲት ወጣት ውሻዋን እየጎተተች ከሥሩ አለፈች፤ ቀና አላለችም። ቤቷ እዚያ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም። የራሱን ሰፈር መብራት በየቀኑ ቀና ብሎ የሚያይ ማን አለ?

ባቡሩ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጥኩና ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ከአንድ ገጽ አናት ላይ የአጎቴን ስም ጻፍኩ። ከሥሩ የማውቀውን ስጨምር አራት መስመር አልሞላም፤ ሰፈሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ዕድሜው፣ የወጣበት ወር። ከዚያ ስልኬን አንስቼ አዲስ አበባ ደወልኩ።

“ደህና ነሽ? ምን ሆነሻል?” አለች እናቴ፤ ከውጭ አገር የሚደወል ስልክ ሁሌም ያስደነግጣታል።

“ደህና ነኝ እማዬ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ወንድምሽ ጫማው ቁጥር ስንት ነበር?”

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ” አልኩ።

“ለምን ፈለግሽው?”

“ልጽፈው።”

አሁንም ቆየች። ከጀርባዋ የቡና ሙቀጫ ድምፅ ይሰማኛል።

“አርባ አንድ” አለች። ቀጥላ “አይ፣ ቆይ። አርባ አንዱ የአባባ ነው። እሱ የራሱ ሲያልቅ የአባባን ነበር የሚያደርገው። ስለሚሰፋው ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀጥቅበታል። የእሱ አርባ ነው።” ትንሽ ቆይታ ደግሞ “ሲሄድ ያደረገው የአባባን ነበር” አለችኝ። ይህንን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

ስሙን ግን ለጊዜው እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ አልጻፍኩም። ደብተሬ ላይ ግን አለ። ከሥሩ ደግሞ፦ የጫማ ቁጥር፣ 40።